ግማሽ ደሴት፦ ከጎርጎራ እስከ አሽቀሎን

ከቂርያት ጋት ባሕር አይታይም። የአሽቀሎን ዳርቻ በቀጥታ ቢለካ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ግን ከኛ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ዱድ ሼሜሽ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ነው። እና ልጄ «ሐጺ ኢ ምንድን ነው? ኢ ምንድን ነው? ኬፍ ምንድን ነው? ለእያንዳንዱ ምሳሌ ስጡ» የሚል ሺዑሬ ባይት ይዛ ስትመጣ፣ ነገሩ ለኛ ቤት የሚርቅ መስሎኝ ነበር።

«ኬፍ» የሚለውን ስታነብ ሳቀች። ለልጆች ጆሮ ኬፍ ደስታ ነው፣ ጨዋታ ነው፤ በጂኦግራፊ ግን መሬት ወደ ባሕር ያሾለበት ጫፍ ነው። እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበርና «ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው» አልኳት። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «ምን ጠፍቷት ነው?» አለችኝ። «በሦስት ጎኑ ውኃ፣ ባንድ ጎኑ የብስ የሆነ መሬት ጥሪ ተብላ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ታዲያ ይሄ ምን ይቸግራል? ጎርጎራ ነዋ!» አለች።

ልጄ እርሳሷን አነሳች። «እማማ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ?» (ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም። እናቴ ድሮ ትቆጣ ነበር፤ አሁን ትታዋለች።)

እናቴ የደምቢያ ልጅ ናት። ያን ምሽት ምስሩም ሳይለቀም ቀረ፣ ሺዑሬ ባይቱም እስከ መኝታ ሰዓት አልተዘጋም። እኔም ከዚያ ወዲህ መጽሐፍና ካርታ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ልጅ በዕብራይስጥ የሚማረውን ነገር አያት በእግሯ ረግጣው ሳለ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ስንቱ ደብተር ተዘግቶ ይሆን?

ከስሙ እንጀምር። ዕብራይስጡ ሐጺ ኢ ይላል፤ ግማሽ ደሴት ማለት ነው። ዓረቦችም «ደሴት መሳይ» ይሉታል፤ የላቲኑ ስም ደግሞ ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀረው እንደማለት ነው። አማርኛችን ሁለት ስም አለው፤ ባሕረ ገብ መሬትና ልሳነ ምድር። ዜና የሚያዳምጥ ሰው «የኮሪያ ልሳነ ምድር» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ የምድር ምላስ ማለት መሆኑን ግን ቆም ብሎ ያሰበው ጥቂት ነው። ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይሄ ነው። ሌሎቹ «ምን ያህል ደሴት ነው?» እያሉ ይለካሉ፤ ልሳነ ምድር ያለው ሰው ግን ቁጭ ብሎ አይቶታል።

ያሾለውን ጫፍ በተመለከተ፣ በእስራኤል ካርታ ላይ ኬፍ ከሚለው ይልቅ የምታገኙት ሮሽ የሚለውን ነው፦ ሮሽ ሃኒክራ፣ ሮሽ ሃካርሜል። ዓረብኛው ራስ ይለዋል፤ በሲና ጫፍ ላይ ያለው ራስ ሙሐመድ የታወቀ ነው። እኛስ? ራስ ዳሸን አለን። እርግጥ እሱ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ የተራራ ራስ ነው፣ የባሕር አይደለም። ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ሮሽ፣ ራስ፣ የግዕዙም ርእስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ይሄን ሳያጠና ያውቀዋል፤ ማወቁን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

ወደ ጎርጎራ እንመለስ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀልጦ ፈስሶ በደቡብ በኩል ያለውን መውጫ ስለዘጋው፣ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪኔሬት 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ጣና ላይ አሥራ ስምንት ኪኔሬት ቢዘረጋ ይበቃዋል። በጥልቀት ግን ኪኔሬት ታሸንፋለች፤ እሷ ከ40 ሜትር በላይ ስትወርድ፣ ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ወይም 15 ሜትር ቢሆን ነው። ኪኔሬት ማሰሮ፣ ጣና ትሪ ነው በሉት። ትሪ ላይ ያለ ውኃ ጥቂት ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ትንሽ ሲጨመር ብዙ መሬት ይውጣል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጎርጎራ በሰሜኑ ዳር ነው፤ ከጎንደር በቆላ ድባ አድርጎ ሲወረድ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መሬቱ ወደ ሐይቁ ይገባና ምላሱን ያወጣል። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ያሠሩት እዚያ ነው፤ ከስፔን የመጣው የካቶሊኩ መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞቷል። ንጉሥ ለምን ምላስ ላይ ይቀመጣል? በሦስት በኩል ውኃ ስለሚጠብቀው ነዋ፤ ዘበኛ የሚያስፈልገው ባንድ በኩል ብቻ ነው። የሚገርመው፣ እኚሁ ሱስንዮስ ናቸው በሰሜን ተራሮች ከቤተ እስራኤሉ መሪ ከጌዴዎን ጋር ለዓመታት የተዋጉት። የአንዱ ምሽግ ውኃ፣ የሌላው ምሽግ ገደል። የእናቴን ትረካ ልጄ በአፏ ተከፍታ ስትሰማ ይህን ጨመርኩላት፤ ለካ ስለ ጌዴዎን ትምህርት ቤት ሰምታ ኖሮ፣ «ስለ ባሕሩ ግን ማንም አልነገረንም» አለችኝ።

በደቡብ በኩል፣ ከባሕር ዳር ማዶ፣ ዘጌ አለች። እሷም ልሳነ ምድር ናት፤ በጫካ ቡና የተሸፈነች፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሳሰሉ ገዳማት ያሉባት። በገዳሙ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል በመሆኑ ደኑ ሳይመነጠር ኖረ። በአካባቢው ያለው መሬት ሁሉ ሲታረስ ዘጌ አረንጓዴ ሆና የቀረችው በዚያ ነው። አንገቷ ጠባብ የሆነ መሬት ሕግ ለማስከበር ይመቻል፤ በሬ የሚገባበት በር አንድ ነዋ።

ደሴቶቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ትልቁ ደቅ ነው፤ አጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፣ የነገሥታት አስከሬን የሚጠበቅበት። ወደ ባሕር ዳር ቀረብ ብሎ ክብራን ገብርኤል አለ። በዳጋና በክብራን ሴት አይገባም። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት በእነዚህ ደሴቶች ተሸሽገው ተርፈዋል። በምሥራቁ ዳር፣ የጉማራ ወንዝ ከሚገባበት ብዙ ሳይርቅ፣ ጣና ቂርቆስ አለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደተቀመጠች ይናገራል። መነኮሳቱም ለጎብኚ የተቦረቦሩ ድንጋዮችን እያሳዩ «በብሉይ ኪዳን ዘመን የመሥዋዕት ደም የሚፈስባቸው ነበሩ» ይላሉ። ትውፊት ትውፊት ነው፤ ምርምር አይተካም። ግን በክርስቲያን ገዳም ውስጥ የኦሪት መሥዋዕት ቦታ ነው ተብሎ የሚጠበቅ ድንጋይ መኖሩን የኛ ልጆች ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ልጄ የጠየቀችው ጥያቄ ብዙ ቀን አስለፋኝ። «ስንት ናቸው?» አለች። ስንት ደሴት አለ ጣና ላይ? በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ 21 ብሎ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ የአገሩ ሰው ሰው የሚኖርባቸው 45 ናቸው እንዳለው፣ እሱ ግን ከ11 አይበልጡም ብሎ እንደሚያምን ጻፈ። በ20ኛው መቶ ዓመት ሲቆጠር 37 ሆኑ፤ አሁንም መጻሕፍት በብዛት የሚደግሙት ይህን ነው። ማን ዋሸ? እኔ ማንም አልዋሸም ባይ ነኝ። እናቴን ስጠይቃት «ክረምት ደሴት፣ በጋ መንገድ የሚሆን አለ» አለችኝ። ትሪው ትዝ አላችሁ? ውኃው ሲጎድል በአጠገቡ ያለው ደሴት ከመሬት ይያያዝና ልሳን ይሆናል፤ ሲሞላ ደግሞ የልሳኑ አንገት ይሰምጥና ጫፉ ደሴት ይሆናል። ቆጣሪው በየትኛው ወር እንደመጣ ካልነገረን ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ከ1996 ወዲህ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ስለተሠራ፣ የውኃውን ከፍታ ሰማይ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይወስነዋል። ከደቡብ የሚገባው ግልገል ዓባይ በበኩሉ በየክረምቱ ደለል እያመጣ ሐይቁ ውስጥ አዲስ ልሳን እየሠራ ነው።

ይህ ሁሉ በእስራኤልም አለ፤ ልጆቻችን ያዩታል። ኪኔሬት በድርቅ ዓመት ሲጎድል፣ በደቡብ በኩል ትንሽ ደሴት ብቅ ትላለች፤ ዜናው ይቀባበላታል። ይበልጥ ሲጎድል ከዳሩ ጋር ትገናኝና ሐጺ ኢ ሆናለች ይባላል። ዝናብ ሲመጣ ትጠፋለች። «ክረምት ደሴት፣ በጋ መንገድ» ያለችው የእናቴ አባባል ለጥብርያዶስም ይሠራል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የዚህ አገር ዝናብ በታኅሣሥና በጥር መምጣቱ ነው።

የሙት ባሕሩ ግን የሚመለስ አይመስልም። ካርታ ዘርጉና ከዮርዳኖስ በኩል ወደ ውኃው የገባውን መሬት ፈልጉ። ስሙ በዕብራይስጥ ላሾን፣ በዓረብኛ ሊሳን ነው፤ ምላስ፣ ያው የኛው ልሳን። ድሮ ምላሱና የምዕራቡ ዳር በጠባብ የውኃ መተላለፊያ ተለያይተው ነበር። ውኃው እየወረደ ሄዶ በ1970ዎቹ መጨረሻ መተላለፊያው ደረቀና ባሕሩ ለሁለት ተከፈለ። አሁን ውኃው ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ወርዷል፣ በየዓመቱም ከአንድ ሜትር በላይ ይቀንሳል። ዔን ቦቄቅ ሆቴል አርፋችሁ የተንሳፈፋችሁበት ውኃ እኮ ከሰሜኑ ክፍል በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣ፣ የማዕድን ፋብሪካዎች የማትነኛ ገንዳ ነው። ምላሱ አለ፤ የሚልሰው ውኃ ግን ሸሽቶታል።

የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን በካርታ ላይ ስታዩት ማስመሪያ ተይዞ የተሰመረ ይመስላል። ከጋዛ እስከ ሐይፋ ድረስ ያፎና ዓትሊት ትንሽ ሾል ከማለታቸው በቀር ራስ የሚባል ነገር የለም። ለምን? ይህን ስፈልግ ያገኘሁት መልስ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዳርቻውን ያስተካከለው አሸዋ ነው፤ አሸዋው ደግሞ የመጣው ከዓባይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ዓባይና ተከዜ የደጋውን አፈርና ድንጋይ ጠርገው ደፍርሰው ይወርዳሉ። የዓባይ ወንዝ ወደ ግብፅ ያመጣው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣ ነው። ወንዙ ባሕር ሲደርስ ሸክሙን ያራግፋል። ከዚያ ሞገዱና በዳርቻው የሚሄደው የባሕር ጅረት አሸዋውን እያንከባለሉ ወደ ምሥራቅ፣ በሲና ሰሜን አድርገው፣ ከዚያም ወደ ሰሜን በጋዛ፣ በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በቴል አቪቭ እያሳለፉ ይወስዱታል። ወንዙ ባሕር ገብቶም አላቆመም በሉት። ቢጫው ፍሬ ኳርትዝ ነው፤ ዓባይ ከሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ የተሰበሰበ። በመካከሉ ያሉት ጥቋቁር ከባድ ፍሬዎች ግን ልዩ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አውጋይት የሚባለው ማዕድን በተለይ የኢትዮጵያ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ምልክት እንደሆነ የአፈርና የድንጋይ ምሁራን ያውቁታል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ወደ አሽቀሎን ወረድን፤ እናቴ፣ ልጄ፣ ባለቤቴና እኔ። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለን ይዘናል። ማዕበል ካለፈ በኋላ ውኃው በሚመለስበት መስመር ላይ አንዳንድ ቦታ ጥቁር ጥቁር ጅራት ይታያል፤ አቧራ ወይም ዘይት ይመስላል፣ ግን ከባዱ ፍሬ ነው፣ ቀላሉን ሞገድ ወስዶበት የቀረ። ማግኔቱን ስናስጠጋ ጥቂቱ ዘልሎ ተለጠፈ። (ላስቲኩን አትርሱ። ያለ ላስቲክ ከሆነ ማግኔታችሁን ዕድሜ ልካችሁን ስታጸዱ ትኖራላችሁ።) የሚለጠፈው ብረት ያለበት ፍሬ ነው፤ አውጋይቱ በዓይን ብቻ አይለይም። እያንዳንዷ ጥቁር ፍሬ ከጎንደር ናት ብዬ አልምልም። ከመካከላቸው ግን ከዚያ የመጣች አለች፤ ይህንን እምላለሁ።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ባለቤቴ የሰሜን ሰው ነው። የሰሜን ተራራ ውኃ በተከዜ አድርጎ አትባራ ገብቶ ከዓባይ ይገናኛል፤ የወልቃይቱም እንደዚያው። ስለዚህ «ይህ የኛ መሬት ነው» ብሎ ደረቱን ነፋ። የቋራ ሰዎችም አይከፉ፤ ከዚያ በኩል የሚነሡት ድንድርና ረሃድ ሱዳን ውስጥ ዓባይን ይቀላቀላሉ። ደምቢያ ግን? የደምቢያ አፈር በመገጭ ወንዝ ጣና ይገባና አብዛኛው እዚያው ትሪው ላይ ይተኛል። እናቴ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ዳር ቆመች። «የኛ አፈር እንግዲህ አገሩን አልለቀቀም» አለች። ሳቅን፣ ግን እሷ አልሳቀችም። ጣና ላይ ከ2011 ጀምሮ የታየው እንቦጭ ክፉኛ የያዘው የደምቢያንና የፎገራን ዳር ነው። ዘመድ በስልክ ይነግራታል፤ ከብት የሚጠጣበት፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚገፋበት ዳር በአረም ተሸፍኗል።

አሸዋው ጉዞውን የሚጨርሰው ሐይፋ ላይ ነው። ካርሜል ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው፤ ሞገድ ቶሎ አይበላውም፤ ስለዚህ ራሱን ወደ ባሕር እንዳሾለ ቀረ። በእስራኤል ዳርቻ እውነተኛ ራስ ቢባል እሱ ነው። አሸዋው ራሱን ዞሮ የሐይፋን ባሕረ ሰላጤ ይሞላና እስከ አኮ ድረስ ይሄዳል፤ ከአኮ ወዲያ ያለው በብዛት የቀንድ አውጣና የዛጎል ስባሪ የሆነ የአገሩ አሸዋ ነው። ከዚያ ነጩ ሮሽ ሃኒክራ ይመጣል፣ በፊቱ ወፍ የሚያርፍባቸው ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ከድንበሩ ማዶ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃት ጢሮስ አለች። ጢሮስ ደሴት ነበረች፤ ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ሊይዛት ከየብስ እስከ ደሴቷ የድንጋይ መንገድ ሠራ፣ በመንገዱ ዙሪያ አሸዋ ተከማቸ፣ ደሴቷም እስከ ዛሬ ልሳነ ምድር ሆና ቀረች። ደሴት ወደ ልሳን ለመለወጥ ድርቅ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ የንጉሥ እልህም ይበቃል።

የአሸዋው መንገድ አሁን እየተዘጋ ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1964 ዓባይን ገትቶ በ1970 ሲጠናቀቅ፣ ደለሉ ከግድቡ በስተኋላ ባለው ሐይቅ ታች ቀረ። ዓባይ በሺህ ዓመታት ወደ ባሕር አሹሎ የሠራቸው የራሺድና የዱምያት ራሶች ከዚያ ወዲህ በባሕር እየተበሉ ናቸው። አሁን ደግሞ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የዓባይን ደለል ገና ከአገር ሳይወጣ ያስቀረዋል። አሽቀሎን ላይ የምንረግጠው እንግዲህ ከግድቦቹ በፊት ጉዞ የጀመረ አሸዋ ነው። በሩ ሳይዘጋ የገባ።

ሐይፋ ከሄዳችሁ በባቡር ሂዱ። ከሖፍ ሃካርሜል ጣቢያ በኋላ ሐዲዱ በተራራውና በባሕሩ መካከል ባለች ጠባብ መሬት አድርጎ የካርሜልን ራስ ይዞራል፤ ልጆቹን በመስኮት አሳዩአቸው። ራሱን ዞሮ የሚያቆምበት ጣቢያ ባት ጋሊም ይባላል፤ የሞገድ ልጅ። የኤልያስ ዋሻም እዚያው አጠገብ ነው።

ባት ጋሊም የሚለውን ስም ስጽፍ እጄ ቆመ። የአንድ መርከብ ስምም ነውና። በ1981 ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በቀይ ባሕር ዳር ያለችውን ዓሩስ የምትባል የተተወች የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ጠላቂ ቱሪስት ቀን ቀን ይዋኛል፤ ሌሊት ሌሊት ግን ከገዳሪፍ ካምፖች በመኪና የመጡ ወገኖቻችን ጭለማ ዳርቻ ላይ ይደርሳሉ፣ የባሕር ኃይል ወታደሮች በላስቲክ ጀልባ ያወጧቸዋል፣ ከኮራሉ ማዶ ባት ጋሊም መርከብ ትጠብቃለች። ጣናን እንኳ ያላየ፣ ከተራራ ወርዶ በረሃ ያቋረጠ ሰው የመጀመሪያ ባሕሩ ያ ነበር፤ ጭለማ፣ ሞገድ፣ ዝም በሉ የሚል ድምፅ። መርከቧ ወደ ሰሜን ስታመራ የምትደርሰው ሻርም ኤል ሼኽ ነው፤ የሲና ልሳነ ምድር ጫፍ፣ ከራስ ሙሐመድ አጠገብ። ይህ ጫፍ ለግብፅ የተመለሰው ሚያዝያ 1982 ስለሆነ ያኔ ገና በእስራኤል እጅ ነበር። በዚያው ዓመት የባሕሩን መንገድ አውሮፕላን ተካው።

ሲና ለልጆች «ዋናው ምሳሌ» ተብሎ በየመጽሐፉ ይሰጣል፤ ግራና ቀኙ የስዌዝና የኤላት ባሕረ ሰላጤ፣ ታቹ ሾጣጣ። የልጄም መጽሐፍ የጻፈው ያንኑ ነው። ከጫፉ ፊት ለፊት ያሉት ቲራንና ሰናፊር ሰው የማይኖርባቸው ደረቅ ደሴቶች ናቸው፤ ግን በ1967 ግብፅ በዚያ ያለውን መተላለፊያ ለኤላት መርከቦች ስትዘጋ ለጦርነቱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ነጥብ የምታክል ደሴት ምን ታደርጋለች አትበሉ። በዚያ ጫፍ በኩል የገቡ የኛ ሰዎች መኖራቸውን ግን መጽሐፉ አይናገርም። ቂርያት ጋት ውስጥ ከጎረቤቶቻችሁ አንዱ በዚያች መርከብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ። ሌሎች ደግሞ ሱዳን ላይ የቀሩ አሉ፤ በሀር ሄርጽል በየዓመቱ የምናስባቸው።

ልጄ ሺዑሬ ባይቱን በማግስቱ አስረከበች። ለሐጺ ኢ ሦስት ምሳሌ ጻፈች፦ ሲና፣ ጎርጎራ፣ ዘጌ። ለኢ፦ ቆጵሮስና ደቅ። ለኬፍ፦ ሮሽ ሃካርሜል፣ በቅንፍም «ራስ ማለት ነው፣ በአማርኛም» የሚል ጨመረችበት። ደብተሩ ሲመለስ መምህሯ ጎርጎራንና ዘጌን በቀይ አክብባ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። እናቴ ምልክቱን አይታ፣ «ምን ማለት ነው፣ ተሳስታለች?» አለች። «አይ፣ የት እንደሆነ አላወቀችም» አልኳት። ማክሰኞ ልጄ የጣናን ካርታ ታትሞ ይዛ ትሄዳለች። አያቷ ደግሞ ካርታው ላይ ቆላ ድባ አለመጻፉን አይታ፣ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጋበታለች።